ፍል ውሃ የሚያማስሉ ሴቶች ዘፈን

ባሌ መስፍን ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ በር በሩን ሲያይ በዋለበት ቅዳሜ፣ እኔ ማኪኒ ከተማ በአንዲት ጃፓናዊት አሮጊት ቤት፣ ዘፈን ዘፍኜ፣ ትከሻዬ ድረስ ሙቅ ውሃ ውስጥ ገብቼ ነበር። ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ስንት ጊዜ እንደተቀመጥኩና ስንት ጊዜ እንደተነሣሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ከሁሉ አስቀድሜ ያሰፈርኳት የቀረውን ስታነቡ ተስፋ እንዳታደርጉ ብዬ ነው። አልደረስኩም። አለመድረሴን አውቃችሁ አንብቡት።

ያኔ አርባ አራት ዓመቴ ነበር። ዲቪ ደርሶን ከመጣን ስድስተኛ ዓመታችን ነው። የምንኖረው ቴክሳስ፣ ግራንድ ፕሬሪ፣ ዌርሃውስ የሚሏቸው የዕቃ መጋዘኖች አጠገብ ባለ አፓርታማ ነበር። መስፍን እዚያው ዌርሃውስ ዕቃ ማንሻውን፣ ፎርክሊፍቱን ይነዳል። እኔ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄድኩ እንከባከባለሁ። ልጅ አልወለድንም። የሥራ ቅነሳ ወሬ በየቦታው የሚናፈስበት ጊዜ ስለነበር፣ ቅዳሜ ኦቨርታይም ሲሰጥ እምቢ የሚል ሰው አልነበረም። ስለዚህ ቅዳሜን አብረን አንውልም። እኔ ዓርብ ማታ ማኪኒ ሄጄ እስከ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሚስስ ፉሚኮ ቤት አድራለሁ።

ሚስስ ፉሚኮ ሰማንያን ያለፉ፣ ቁመታቸው ከትከሻዬ የማይበልጥ ሴት ነበሩ። የተወለዱት ተራራ ላይ በተሠራች የፍል ውሃ ከተማ፣ እናታቸው በሚያስተዳድሩት የእንግዳ ማረፊያ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አንድ አሜሪካዊ ወታደር አግብተው ቴክሳስ ገቡ። ሰውየው አናጢ ስለነበር ከቤታቸው ጀርባ ባለው ክፍል ጥልቅ የእንጨት ገንዳ ሠራላቸው። ጉልበትን አጥፎ ሲቀመጡበት ውሃው አንገት ድረስ ይመጣል። እሱ ከሞተ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ገንዳው ግን ያንጠባጠባት ውሃ የለችም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ ገንዳውን ሞልቼ ሳሙና ጨመርኩበት። አረፋው ሲነሣ አይተው ጮኹብኝ።

«ምን እየሠራሽ ነው? ሾርባ?»

በእሳቸው ወግ ሰው ገንዳ ውስጥ አይታጠብም። መጀመሪያ ውጭ፣ ትንሽ በርጩማ ላይ ተቀምጦ በሳሙና ይታጠባል፣ ይለቀለቃል። ከዚያ ንጹሕ ሆኖ ለመሞቅ ብቻ ይገባል። ውሃው የሁሉም ነው፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባበታል እንጂ አይደፋም። ክዳን አለው፣ ይከደናል። ይህን ለመልመድ አንድ ወር ፈጀብኝ። በየጊዜው ሳላስበው ቡሹን ነቅዬ ውሃውን እለቅባቸው ነበር። «ሚሊየነር ነሽ» ይሉኛል።

ገንዳው ውስጥ ከገቡ ደግሞ ይዘፍናሉ። በአገራቸው ስለ ፍል ውሃ ያልተዘፈነ ነገር ያለ አይመስለኝም። ልጆች ሲታጠቡ የሚዘፍኑት አለ። ሽማግሌዎች ሰክረው የሚዘፍኑት አለ። የሚበዙት ግን የመለያየት ዘፈኖች ናቸው፤ በፍል ውሃ ከተማ አንድ ክፍል ተከራይተው ሁለት ሌሊት ያደሩ ሰዎች፣ በእንፋሎት በደበዘዘ መስኮት ላይ በጣት የተጻፈ ስም፣ በረዶ፣ ባቡር። ሚስስ ፉሚኮ አንዱን ስንኝ ይዘፍኑና በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው ይተረጉሙልኛል፤ እኔም በተሰባበረው እንግሊዝኛዬ እሰማለሁ።

አብልጠው የሚወዱት ግን የማማሰያውን ዘፈን ነው። በተወለዱበት ከተማ ውሃው ከምድር ሲወጣ ሰው ይልጣል። ቀዝቃዛ ውሃ እንዳይጨምሩበት ደግሞ ኃይሉ ይጠፋል፣ መድኃኒትነቱ ይረክሳል ብለው ያምናሉ። ስለዚህ ሴቶች ረጃጅም ሳንቃ ይዘው በገንዳው ዙሪያ ይሰለፉና፣ እየዘፈኑ ውሃውን ከግራ ወደ ቀኝ ያገላብጡታል። ዘፈኑ ሲያልቅ ውሃው ሰው የሚችለው ይሆናል። ሚስስ ፉሚኮ በልጅነታቸው ከሰልፉ ጫፍ ቆመው ያማስሉ ነበር። ባላቸው አንድ ሳንቃ ሠርቶላቸዋል፤ መያዣው በእጅ ብዛት ጠቁሯል።

እሑድ ማታ ቤት ስገባ መስፍን ሶፋ ላይ ሆኖ ይጠብቀኛል።

«እሺ፣ ዛሬስ ምን ዘፈኑ?»

«አንዲት ሴት ናት። በረዶ እየወረደ፣ ፍል ውሃ ያለበት ሆቴል ተቀምጣ ሰው ትጠብቃለች።»

«መጣ?»

«አይመጣም።»

«እስቲ አንድ እንኳ የሚመጣበት ዘፈን ይኑራቸው እንጂ!» ይልና ይስቃል። «ቆይ፣ እኛ አገር ፍል ውሃ ሞልቶ የለ እንዴ? ለምን አልዘፈንንለትም?»

«ወረፋ ስንጠብቅ ጉሮሯችን ደርቆ ይሆናላ።»

«የማማሰያውን በይልኝ እስቲ። አንዴ ብቻ።»

«ዘፈን ነው፣ መስፍን። አልዘፍንም።»

በእኛ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር እንጂ ዘፈን የለም። ጌታን ከተቀበልኩ በኋላ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሰርግ ላይ እንኳ ከአፌ ዘፈን አልወጣም። መስፍንም አማኝ ነው፤ ግን በዚህ ነገር ላላ ይላል፤ ፎርክሊፍት ላይ ያፏጫል ብለው ሽማግሌዎች መክረውታል።

«ቋንቋው አይገባሽ! ምኑ ላይ ነው ኃጢአቱ?» ይለኛል።

«አንተን ደስ ማሰኘቱ ላይ።»

«ግድ የለም። እጠብቃለሁ።»

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር ባልፍ ታሪኩ ይዋሻል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የመስፍን እናት አገር ቤት አረፉ። ስልኩ የተደወለው ለእኔ ነው። ወዲያው የቤተ ክርስቲያናችንን ሽማግሌ ጋሽ ወርቁን አማከርኳቸው። «ፎርክሊፍት ላይ ነው የሚውለው፤ በድንገት አይነገረውም። እሑድ ሰብሰብ ብለን መጥተን እናረዳዋለን» አሉኝ። በዚያ እሑድ ግማሹ ሰው ሥራ ገባ። ለሚቀጥለው ተላለፈ። እንዲህ እንዲህ ሲል አሥራ አንድ ቀን ሆነ። አሥራ አንድ ቀን አብሬው በላሁ፣ አብሬው ተኛሁ። በመጨረሻ አንድ ማለዳ ሰው ሁሉ በሩን አንኳኩቶ ገባና መርዶውን ተረዳ፣ ተለቀሰ።

ለቀስተኛው ከሄደ በኋላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ «አሥራ አንድ ቀን ስስቅ አየሽኝ» አለኝ።

«እንዳትደነግጥ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። ሁለተኛ ግን አታድርጊው። እኔም አላደርግብሽም። የመጣው ይምጣ፣ ትኩሱን እንነጋገር» አለ።

ተስማማን። የተስማማነው ግን ሁለታችን ብቻ ነበርን።

አሁን ያን ቅዳሜ እጽፋለሁ። ያኔ የማላውቀውን፣ በኋላ ሰው የነገረኝንም በየቦታው አስገባለሁ፤ ካለዚያ አይገባችሁም።

ማለዳ፣ ሥራ ከመግባቱ በፊት ደወለልኝ። ደረቱን እንደሚያቃጥለው ነገረኝ። «የማታው በርበሬ ነው» አለ። «ወተት ጠጣበት» አልኩት። የሰጠሁት መድኃኒት ይኸው ነው።

አራት ሰዓት ላይ ከፎርክሊፍቱ ሲወርድ ወደቀ። አብሮት የሚሠራው ጓደኛችን ደረጀ አምቡላንሱን ተከትሎ ሆስፒታል ሄደ። ልቡ ነው ተባለ፤ በጣም ከባድ ነው ተባለ። ደረጀ ስልኩን አውጥቶ ስሜ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ግን የደወለው ለጋሽ ወርቁ ነው።

ጋሽ ወርቁ ክፉ ሰው አይደሉም። «እንዳትነግራት» አሉት። «ያን ሁሉ ሃይዌይ ብቻዋን ነድታ ነው የምትመጣው። ደንግጣ አንድ ነገር ብትሆንስ? ሁለት ሐዘን ልታመጣብን ነው? ሴቶቹን ይዘን ሄደን፣ ነግረን፣ አጽናንተን እናመጣታለን።» ሴቶቹ ግን ሥራ ላይ ነበሩ። ሰው በማጽናናት የሚታወቁት እትዬ አስካለ ኤርፖርት ነው የሚሠሩት፤ የሚወጡት ዘጠኝ ሰዓት ነው። ያለ እሳቸው አይሆንም ተባለ። የመኪና ሰልፍ ተዘጋጀ፣ ምግብ የሚሠራ ሰው ተመደበ። እኔ ደግሞ በመሀል ሰምቼ እንዳልወጣ፣ እንግሊዝኛ የሚያቀላጥፍ አንድ ሰው ወደ ሚስስ ፉሚኮ ቤት ይደውል ተባለ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የቤቱ ስልክ ጮኸ። እኔ ገንዳው ያለበትን ክፍል ወለል እየፈተግኩ ነበር። ሚስስ ፉሚኮ አነሡት። «አዎ… አዎ… ገባኝ» ሲሉ ይሰማኛል። ስወጣ ስልኩ ከተዘጋ በኋላም እጀታውን እንደያዙ ቆመዋል።

«ማን ነው?» አልኳቸው።

«ዕቃ ሻጭ ነው» አሉኝ። ቀና ብለው አላዩኝም።

ሰባት ሰዓት ላይ ለመስፍን ደወልኩ፤ አያነሣም። ድጋሚ ደወልኩ። ከዚያ ደረጀጋ ደወልኩ።

«ሄሎ ደረጀ፣ መስፍን ስልክ አያነሣም። አጠገብህ አለ?»

«አለ… ማለቴ፣ እዚሁ ነው። ቢዚ ነን ዛሬ። ስልኩን ሎከር ውስጥ ትቶት ይሆናል።»

«በላ?»

«ማን?»

«መስፍን ነዋ! ጠዋት ደረቴን አቃጠለኝ ሲል ነበር።»

«አ… አልበላም። ሶ… ቆይቶ ይበላል።»

«አንተ፣ ድምፅህ ምን ሆኗል?»

«ጉንፋን ነው። ኦኬ ሰኒ፣ ሱፐርቫይዘሩ መጣብኝ፣ ኮል አደርግልሻለሁ።»

ከጀርባው በድምፅ ማጉያ ሰው ሲጠራ ይሰማኝ ነበር። የዌርሃውሱ መስሎኝ ዘጋሁት። ለደረጀ ጉንፋን ጸለይኩ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ሚስስ ፉሚኮ ገንዳውን እንድሞላ አዘዙኝ። እንደ ወትሮው መስሎኝ ልብሳቸውን ላግዛቸው ስጠጋ እጄን ያዙኝ።

«ዛሬ ለእኔ አይደለም። ለአንቺ ነው።»

«አይሆንም፣ ሚስስ ፉሚኮ። አይፈቀድልንም። ቢያውቁ ያባርሩኛል።»

«ማን ይነግራቸዋል? እኔ? እኔ የት አውቄ፣ አሮጊት ነኝ። በሁለት ቀን የበላሁትን እረሳለሁ።»

ሳቅሁ። ብዙ ተከራከርኩ፤ አልሆነም። ያን ቀን የተለየ ነገር እንዳላቸው አይቻለሁ። የሞተው ባላቸው ትዝ ብሏቸው መሰለኝ፤ ላስደስታቸው ብዬ እሺ አልኩ። በርጩማዋ ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸው ከኋላዬ ተንበርክከው ጀርባዬን በትንሽ ፎጣ ያጥቡኝ ጀመር። ከወገቤ እስከ ማጅራቴ፣ ቀስ እያሉ፣ ልጅ እንደሚታጠብ። ሥራዬ ሰው ማጠብ ነው። የሰው ጀርባ ሳጥብ ስንት ዓመቴ! የእኔን ግን እናቴ ካለፈች ወዲህ ያጠበው ሰው አልነበረም። እንባዬ መጣ፤ ሳሙና ነው አልኩ። እሳቸውም ሳሙና ነው አሉ።

ውሃው ከወትሮው ይበልጥ ያቃጥል ነበር። ጣቴን ነክሬ አወጣሁት።

«ቀዝቃዛ ልጨምርበት?»

«አይሆንም!» ሳንቃውን ከጥግ አንሥተው አቀበሉኝ። «አማስዪ። ግን ካልዘፈንሽ አይበርድም።»

እሳቸው ጀመሩ። እኔ ሳንቃውን ከግራ ወደ ቀኝ አገላብጣለሁ፤ እንፋሎቱ ፊቴን ይመታኛል። ያን ዘፈን ለወራት ሰምቼው ስለነበር አፌ ያውቀው ኖሯል። ሁለተኛው ዙር ላይ አብሬያቸው ስዘፍን ራሴን አገኘሁት። መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ ቀጥሎ በሙሉ ድምፄ። ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ! ቃላቱን አላውቃቸውም፤ ዜማው ግን እንደ ሳንቃው ይሄዳል፣ ይመለሳል። ነገ ማታ ለመስፍን እዘፍንለታለሁ ብዬ አሰብኩ። ሶፋው ላይ ሆኖ የሚያሳየኝ ፊት ሁሉ ታየኝ። ደስ አለኝ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህን ልክድ አልችልም። ሰዓቱን በኋላ አስልቼዋለሁ፦ እኔ ደስ ባለኝ ሰዓት እሱ ደረጀን «ደረሰች?» እያለ ይጠይቀው ነበር።

ውሃው ውስጥ ገባሁ። ሚስስ ፉሚኮ በርጩማዋ ላይ ተቀምጠው፣ «መቶ እስኪሞላ መውጣት የለም። እናቴ እንዲህ ነበር የምታደርገን። በቋንቋሽ ቁጠሪ» አሉኝ።

ዓይኔን ጨፍኜ ጮክ ብዬ መቁጠር ጀመርኩ። ሃያ፣ ሠላሳ፣ አርባ። ስልሳ ሦስት ላይ ዓይኔን ስገልጥ ሚስስ ፉሚኮ ፎጣውን አፋቸው ላይ ይዘው እያለቀሱ ነው።

«ምን ሆኑ? አመመዎት?»

«ቃል ሰጥቻለሁ» አሉ። «ለሰዎችሽ ቃል ሰጥቻለሁ። ግን አልችልም።»

«የትኞቹ ሰዎቼ?»

«ባልሽ ታሟል። ልቡ ነው። ሆስፒታል ነው ያለው። አመሻሽ ላይ መጥተው ይነግሩሻል፤ እስከዚያ እንዳትነግሪያት፣ ወጋችን ነው አሉኝ። እኛም አገር ይህ ነገር አለ። እናቴ ስትታመም እሷንም እኔንም ደብቀውናል። ስለዚህ እሺ አልኩ። ከዚያ ምን ላድርግልሽ? ሌላ የማውቀው የለኝም። ውሃ አሞቅሁልሽ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቁት?»

«ከስድስት ሰዓት ተኩል።»

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ዘጠኝ ተኩል ይላል።

እንዴት እንደለበስኩ አላውቅም፤ ሹራቤን ገልብጬ ነበር የለበስኩት። «ብቻዎን እንዴት ጥዬዎት?» ስላቸው «ጎረቤት እጠራለሁ፤ ሂጂ! ሂጂ!» ብለው በእርጥብ ፎጣ መቱኝ። ጸጉሬ እየተንጠባጠበ መኪናዬን አስነሣሁ። ሃይዌዩ ላይ ወጥቼ ደረጀጋ ደወልኩ።

«የት ሆስፒታል ነው?»

ማልቀስ ጀመረ። ነገረኝ። «ሰኒ፣ በእግዚአብሔር፣ ቀስ ብለሽ ንጂ።»

«ይናገራል?»

«ይናገራል… ቅድም ይናገር ነበር።»

«ስልኩን ጆሮው ላይ አድርግልኝ።»

«አሁን አስወጥተውናል። ዶክተሮቹ ገብተዋል።»

«ደረጀ፣ በሩን ክፈትና ስልኩን ጆሮው ላይ አድርግልኝ!»

«አያስገቡኝም፣ ሰኒ።»

ቀስ ብዬ ነዳሁ። ጋሽ ወርቁ የፈሩት አልደረሰም፤ እጄ አልተንቀጠቀጠም፣ መስመሬን አልሳትኩም። ዳላስ ስደርስ መንገዱ ተዘግቶ አሥር ደቂቃ ቆምኩ። እነ ጋሽ ወርቁ ያን ጊዜ በሦስት መኪና ሆነው፣ ምግቡን ጭነው፣ እኔን ሊያረዱ በተቃራኒው መስመር ወደ ማኪኒ እየወጡ ነበር። ተላልፈናል። ምናልባትም መኪናቸውን አይቼው ይሆናል።

አሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ደረስኩ። ደረጀ ኮሪደሩ ወለል ላይ፣ የሥራ ሰደርያውን እንደለበሰ ተቀምጧል። ሲያየኝ አልተነሣም። እንዲናገርም አልጠበቅኩም።

አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ አልፏል። ሃያ አምስት ደቂቃ ቀደመኝ።

ነርሷ ክፍሉን ከፈተችልኝ። ደረቱን ስነካው ገና ይሞቃል። ከብርድ ልብሱ ሥር ብብቱ ደግሞ ከእኔ እጅ ይበልጥ ይሞቅ ነበር። ደረጀ ከኋላዬ ገብቶ፣ ሳልጠይቀው ተናገረ። አፉን ልይዘው ነበር፤ ግን ትኩሱን እንነጋገር ብለን አልነበር?

«ሰባት ሰዓት ላይ ስትደውዪ ነቅቶ ነበር። ‘እሷ ናት?’ አለኝ። ‘አዎ፣ መንገድ ላይ ናት’ አልኩት። ከዚያ ወዲህ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ይል ነበር።»

ነርሷን ሙቅ ውሃና ፎጣ ለመንኳት። አመጣችልኝ። ወደ ጎን አዞርነው። ጀርባውን ከወገቡ እስከ ማጅራቱ አጠብኩት፤ እኔ ከሁለት ሰዓት በፊት እንደታጠብኩት። ልጸልይ ፈለግሁ። በልቤ የያዝኩት መዝሙር ስንት ነበር፣ አንዱም አልመጣልኝም። በባዶው ቦታ የመጣው የማማሰያው ዘፈን ነው። ጆሮው ሥር ዝቅ ብዬ ዘፈንኩለት። የለመነኝን፣ የነፈግሁትን። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ሳላቋርጥ፣ እጄ ከግራ ወደ ቀኝ እየሄደ። ስጨርስ ደግሜ ጀመርኩት። ዘፈኑ ሲያልቅ ውሃው ይበርዳል ብለውኝ የለ? በረደ። እሱም በረደ።

ቀና ስል እነ ጋሽ ወርቁ በር ላይ ቆመዋል። ማኪኒ ደርሰው ሲያጡኝ ተመልሰው ነው። እትዬ አስካለ «አእምሮዋን ነካት፣ ወይኔ!» ብለው ደረታቸውን መቱ።

ጋሽ ወርቁ ጠጋ አሉና፣ «ልጄ፣ ይህ… ዘፈን ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ ዘፈን ነው» አልኳቸው።

ከተቀበረ በኋላ ብቻቸውን ቤቴ መጡ። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ «ለአንቺ ብለን ነው» አሉ። ድምፃቸው የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«አውቃለሁ» አልኳቸው። መስፍንም የመለሰልኝ ይህንኑ ቃል ነው። ልቆጣቸው አፌን ብከፍት አሥራ አንዱ ቀን ፊቴ ላይ ይቆማል። ሌላዋ ባልቴት ቢያንስ ቁጣ ይተርፋታል። እኔ እሱንም አስቀድሜ አጥፍቼዋለሁ።

በወሩ ግድም ቦርሳዬን ልወስድ ሚስስ ፉሚኮ ቤት ሄድኩ። እጄን ይዘው ወደ ኋላው ክፍል ወሰዱኝ። ገንዳው ተከድኗል። ክዳኑን ሳነሣው ውሃው እንዳለ ነው፤ በርዶ፣ ትንሽ አቧራ ይዞ።

«አልደፋሁትም» አሉ። «ያንቺ ነው። መቶ አልሞላሽም።»

«ይህን ሁሉ ቀን የት ታጠቡ ታዲያ?»

«ወጥ ቤት፣ በሳህን» አሉ። አልሳቅንም።

እጅጌዬን ሰብስቤ እጄን እስከ ትከሻዬ ነከርኩና ቡሹን ነቀልኩት። ውሃው እስኪያልቅ ብዙ ቆየ፤ ሁለታችንም ቆመን አየነው። ሳንቃው ጥጉ ላይ ነበር፤ ማንም አልነካውም። ሥራውንም ተውኩት። ከዚያ ቀን በኋላ ሲዘፍኑ ሰምቻቸው አላውቅም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ሐኪሞቹ ብደርስም ባልደርስም አይተርፍም ነበር ብለውኛል። እኔም መትረፉን አይደለም የምጠይቀው። ብዙ ጊዜ የማስበው ስለዚያ ሰልፍ ነው፤ ሳንቃ ይዘው ውሃ ስለሚያማስሉ ሴቶች። ሚስስ ፉሚኮን አንድ ጊዜ ጠይቄያቸው ነበር፤ ሴቶቹ ሲያማስሉ የሚታጠበው ሰው የት ይሆናል ብዬ። «እዚያው ነዋ» አሉኝ። «ፎጣውን ይዞ አጠገባቸው ቆሞ ያያል። ትኩስ እንደሆነ ያውቃል። ማማሰል ከፈለገም ሳንቃ ይሰጡታል።» እኛ ግን የሐዘኑን ባለቤት ሌላ ክፍል ዘግተንበት ነው ውሃውን የምናበርደው። ፍቅር መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔም በፍቅር ነው ያደረግሁት። ቤታችሁ እንዲህ ያለ ስልክ የመጣ ቀን ምን እንደምታደርጉ ልነግራችሁ አልችልም። እኔ የምነግራችሁ፣ ሰው በር በር እያየ ሊሞት እንደሚችል ብቻ ነው።

እሑድ ማታ ቤት ስገባ አሁንም ሶፋው ወዳለበት ሳላይ ነው የማልፈው። አንዳንድ ቀን ገላዬን ስታጠብ ሳላውቀው እቆጥራለሁ። ስልሳ ሦስት ላይ ውሃውን እዘጋለሁ።